የዛገ የነዳጅ ታንክን በግቢ ውስጥ ማጽዳት

ለረጅም ጊዜ የቆመ የቤንዚን መኪና ነዳጅ ሲሰጡት እየተንገጫገጨ ካስቸገረ፣ ፊልትሮውም በተቀየረ በአጭር ጊዜ ውስጥ ቡናማ ዝቃጭ ይዞ ከተገኘ፣ የብረት ታንኩ ከውስጥ መዛጉን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ከእጥበቱ ይልቅ ጥንቃቄው ይቀድማል። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት እየተሳበ ይሄዳል፤ በአየር ውስጥ ያለው መጠን 1.4 በመቶ ገደማ ሲደርስም በትንሽ ብልጭታ ይቀጣጠላል። ስለዚህ ሥራው በክፍት ቦታ ብቻ መሠራት አለበት፤ በግቢው ውስጥ ለቡና የተያያዘ ከሰል እንኳ ሊኖር አይገባም። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ መሆኑን ብዙዎች አይገነዘቡም፤ የሚፈነዳው ከአየር ጋር የተቀላቀለው ተን ነውና።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ ነዳጁም ክዳን ባለው ጀሪካን ይቀዳል። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በጠንካራ መደገፊያ ላይ ካረፈ በኋላ ታንኩ ይወርዳል፤ ፓምፑና የነዳጅ መለኪያው ይወጣሉ። ከዚያም ታንኩ በሞቀ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና የቤንዚኑ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ ይታጠባል።

ለዝገቱ ኮምጣጤ ሞልቶ አንድ ቀን ማሳደር ጥሩ ውጤት ይሰጣል። በማግስቱ ኮምጣጤው ተደፍቶ ታንኩ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ካልተለቀለቀ ግን የቀረው አሲድ ብረቱን መብላቱን ይቀጥላል፤ እርጥብ ሆኖ ከቆየም በሰዓታት ውስጥ እንደገና ብርቱካንማ ዝገት ያወጣልና ወዲያውኑ ፀሐይ ላይ መድረቅ ይኖርበታል። ቀዳዳ ከተገኘበት ታጥቧል ተብሎ በቤት ውስጥ መበየድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። የተቀዳው አሮጌ ቤንዚንም ወደ ቦይ አይደፋም።

ታንኩ ተመልሶ አዲስ ፊልትሮ ከተገጠመ በኋላ ጥቂት ሊትር ንጹሕ ቤንዚን ይጨመርበታል፤ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊትም እያንዳንዱ የቱቦ መጋጠሚያ እንዳያንጠባጥብ በእጅ እየተዳሰሰ ይፈተሻል።