ሃይስኩል እያሉ የኮምፒውተር ትምህርት የኮሌጅ ክሬዲት መያዝ፦ ሁለት ልጆቼን ሳስተምር ያወቅኩት

እኔ ደሴ ስማር ፈተና ትፈተኛለሽ፣ ውጤት ይወጣል፣ ምደባ ይወጣል፣ ሻንጣሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ማንም "ምን ትፈልጊያለሽ?" አይልሽም። አንቺም ማንንም አትጠይቂም። አሜሪካ መጥቼ ልጆች ሳሳድግ ይዤው የመጣሁት ይህንኑ ልማድ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ዋጋ አስከፈለው።

ያኔ የምንኖረው ሌላ ስቴት ነበር። ልጄ ሃይስኩል ሁለት ዓመት ሙሉ የኔትወርኪንግ ትምህርት ወሰደ። ቤታችን በኬብልና በአሮጌ ራውተር ተሞልቶ ነበር። መምህሩ "ይህን በጥሩ ውጤት የጨረሰ ኮሌጅ ሲገባ ክሬዲት ያገኛል" ብሏቸዋል። ክሬዲት ኮሌጅ ለዲግሪ የሚቆጥረው የትምህርት መጠን ነው። ልጄም ጥሩ ውጤት አመጣ። ሁለታችንም ክሬዲቱ በራሱ ጊዜ የሚመጣ መስሎን ቁጭ አልን። ኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ጓደኛው ነግሮት ሲጠይቅ ጊዜው አልፏል ተባለ። ቅጹን መሙላት የነበረበት ገና ሲመዘገብ ነው። የሚያውቀውን ትምህርት ከፍሎ እንደገና ተማረው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እኛ ቤት "ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" ተብለን ነው ያደግነው። ለዚህ ጉዳይ የሚሠራው ግን ሌላው ተረት ነው፤ ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል። ትንሿ ልጄ ተራዋ ሲደርስ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገብተን ነበር። በዚህኛው ጊዜ ሁሉንም ጠየቅን። ሃይስኩል ስትጨርስ 22 ክሬዲት ይዛ ወጣች። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

ከመጨረሻው ጀምሩ

ልጄ 9ኛ ክፍል ስትጨርስ ኮምፒውተር ሳይንስ እፈልጋለሁ አለችኝ። ያኔ የጠየቅነው "ምን ትውሰድ?" ብለን አይደለም። "የት ልትገባ ትችላለች? እዚያስ ምን ይቀበላሉ?" ብለን ነው።

አንድ ዩኒቨርሲቲ ክሬዲት ተቀበልኩ ሲል ሁለት ዓይነት ትርጉም አለው። አንደኛው፣ ልጁ የወሰደው ትምህርት እነሱ ዘንድ ያለውን ኮርስ ይተካል። ልጁ አይደግመውም፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሁለተኛውን "ኢሌክቲቭ" ይሉታል። ክሬዲቱ ለዲግሪ ከሚያስፈልገው 120 ውስጥ ይቆጠራል፤ ዋናውን ኮርስ ከመውሰድ ግን አያድንም። ኮምፒውተር ሳይንስ ውስጥ ኮርሶቹ እንደ ደረጃ ናቸው፤ አንዱን ሳይጨርሱ ወደ ሌላው መውጣት አይቻልም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት የፕሮግራሚንግ ኮርሶችና ካልኩለስን (ከፍ ያለውን ሒሳብ) የጨረሰ ልጅ እውነተኛ ጊዜ ያተርፋል። አምስት ኢሌክቲቭ የሰበሰበ ልጅ ግን ፕሮግራሚንጉን ከታች ነው የሚጀምረው።

ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የትራንስፈር ዳታቤዝ አላቸው። የኮሌጁን ስምና የኮርሱን ቁጥር ስታስገቡ እነሱ ዘንድ ምን ተብሎ እንደሚቆጠር ያሳያል። እኛ ሦስት ዩኒቨርሲቲዎችን አየን። አንዱ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፓርክ ነበር። ሞንጎመሪ ኮሌጅም (የአካባቢያችን ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት ኮሌጅ) ኮሌጅ ፓርክም የኮምፒውተር ሳይንስ ኮርሶቻቸውን ሲኤምኤስሲ ብለው ነው የሚጠሩት። ቁጥሮቹ ግን ይለያያሉ። ስሙን ብቻ አይታችሁ አንድ ነው እንዳትሉ። ኤምአይቲን የሚያልም ልጅ ካላችሁ ደግሞ ይህን እወቁ፦ ኤምአይቲ ለኤፒ (ሃይስኩል ውስጥ የሚሰጥ የኮሌጅ ደረጃ ትምህርትና ፈተና፣ ከታች እመጣበታለሁ) ኮምፒውተር ሳይንስ ክሬዲት አይሰጥም። ልጁ ትምህርቱን ይውሰደው፣ ክሬዲቱን ግን አይጠብቅ።

ልጄ በመጨረሻ የገባችው ካየናቸው ከሦስቱ በአንዱ አይደለም። ሆኖም መሠረታዊዎቹን ኮርሶች ስለያዘች አብዛኛው አልባከነም።

ዱዋል ኢንሮልመንት

ዋናው መንገዳችን ይህ ነበር። ልጁ ሃይስኩል እያለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ እውነተኛ የኮሌጅ ኮርስ ይወስዳል። ሜሪላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው "ብሉፕሪንት" የሚባለው የትምህርት ሕግ ለኮሌጅ ዝግጁ ናቸው ለተባሉ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች የዚህን ክፍያ ከቤተሰብ ላይ አንስቷል። ሌላ ስቴት ያላችሁ በስሙ ጠይቁ። ሚኒሶታ ፒኤስኢኦ ይሉታል፣ ከ1985 ጀምሮ ያለ ነው። ሲያትል ራኒንግ ስታርት ነው። ኮሎምበስ ኦሃዮ ኮሌጅ ክሬዲት ፕላስ፣ ዴንቨር ኮንከረንት ኢንሮልመንት ይባላል። መጽሐፍ ማን እንደሚገዛ በየቦታው ይለያያል፤ ይህንንም ጠይቁ።

እኛ የጀመርነው 10ኛ ክፍል ጃንዋሪ ላይ ነው። መጀመሪያ ከካውንስለሯ (ከሃይስኩሉ የትምህርት አማካሪ) ጋር ቀጠሮ ያዝን። ከዚያ ልጄ ለኮሌጁ ማመልከቻ ሞልታ የተማሪ ቁጥር አገኘች። ኮሌጁ ለኮርሱ ብቁ መሆኗን አየ፤ ይህ በሃይስኩል ውጤት ወይም በመመደቢያ ፈተና ይታያል። ለፕሮግራሚንግ የሒሳብ ደረጃ ስለሚጠይቁ ሒሳብ ላይ ወደኋላ የቀረ ልጅ በሩ ላይ ይቆማል። ቀጥሎ እኔና ካውንስለሯ የፈረምንበት ቅጽ ገባ። ከዚያ ምዝገባ። ምዝገባ በሚከፈትበት ቀን ተመዝገቡ። እኛ በመጀመሪያው ሴሚስተር አንድ ሳምንት ዘገየን፤ የቀረው ክፍል ሃይስኩል ትምህርት ባላት ሰዓት የሚሰጠው ብቻ ሆነ።

መጓጓዣም አትርሱ። እኔ ሆስፒታል የማታ ፈረቃ ነው የምሠራው፤ ላደርሳት አልችልም። ስለዚህ ኮርስ ከመምረጣችን በፊት ወደ ታኮማ ፓርክ ሲልቨር ስፕሪንግ ካምፓስ የሚሄደውን አውቶቡስ ሰዓት አየን።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይነግራችሁን ልንገራችሁ። የኮሌጅ ውጤት ለዘላለም ይቀመጣል። ልጁ በ16 ዓመቱ ያመጣው ዲ በኮሌጅ ትራንስክሪፕቱ (የውጤት መዝገቡ) ላይ ይኖራል፤ በኋላ የትኛውም ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ያንን ትራንስክሪፕት ማቅረብ አለበት። ስለዚህ በአንድ ኮርስ ጀምሩ። ሦስት ክሬዲት ማለት በሳምንት ሦስት ሰዓት ክፍልና ስድስት ሰዓት ገደማ የቤት ሥራ ነው። ፕሮግራሚንግ ከዚያም ይበልጣል። ልጄ ኮምፒውተር ሳይንስ አንድን ስትወስድ ዘጠነኛው ሳምንት ላይ አለቀሰች። "እማ፣ ይሄ እኮ ሃይስኩል አይደለም፤ ካላስገባሽ ለምን አላስገባሽም የሚልሽ የለም" አለችኝ። ዊዝድሮው የሚደረግበትን፣ ማለትም ኮርሱን አቋርጦ መውጣት የሚቻልበትን የመጨረሻ ቀን አስቀድመን በቀን መቁጠሪያ ላይ ጽፈን ስለነበር አምስት ቀን እንዳላት አወቅን። በዚያ አምስት ቀን ኮሌጁ ውስጥ ያለው የነፃ ማስጠኛ ክፍል ሦስት ጊዜ ሄደች። ችግሯ አንድ ነገር ላይ ነበር፣ ሉፕ (ትእዛዝን የሚደጋግም ኮድ) ውስጥ ሌላ ሉፕ ሲገባ ይጠፋባታል። ተፈታላት። ኮርሱን ቢ ይዛ ጨረሰች። ባይፈታላት ኖሮ ደብልዩ (ኮርሱን አቋርጣለች የሚለውን ምልክት) ይዛ እንድትወጣ እፈርምላት ነበር፤ ደብልዩ ከኤፍ ይሻላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ ኮሌጅ ከገባ በኋላ ስለ ውጤቱ መምህሩ ለእናንተ አይነግራችሁም። ፈርፓ የሚባለው የፌዴራል ሕግ የኮሌጅ መዝገቡን መብት ለተማሪው ይሰጣል። እኔ ደውዬ ነው ያወቅኩት። ስለዚህ ከልጃችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኛ እሑድ ማታ ኮምፒውተሩን ከፍታ ውጤቷን ታሳየኛለች።

ኤፒ

ኤፒ ሃይስኩል ውስጥ ይሰጣል፣ ፈተናው ሜይ ላይ ነው፣ ነጥቡ ከ1 እስከ 5 ነው። በኮምፒውተር ሁለት አለ። ኮምፒውተር ሳይንስ ፕሪንሲፕልስ ቀለል ያለው ነው፤ ከነጥቡ 30 በመቶ ልጁ ራሱ ከሚሠራው ፕሮግራም ጋር የተያያዘ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ኤ ጃቫ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው፣ ጠንከር ያለ ነው። ኮምፒውተር ሳይንስ ሊማር የሚፈልግ ልጅ ኤውን ያነጣጥር። ፕሪንሲፕልስን ብዙ ቦታ በኢሌክቲቭነት ነው የሚቀበሉት። ልጄ ፕሪንሲፕልስን የወሰደችው ለመሞከር ነበር፤ ጥሩ መግቢያ ሆናት። ከዚያ ጃቫን ኮሌጅ ውስጥ ወሰደች። ኤፒውንም ኮሌጁንም ለአንድ ዓይነት ኮርስ ብትወስዱ ክሬዲቱ አንዴ ብቻ ይቆጠራል፤ አትድከሙ።

ለሷ ትልቁን ክሬዲት ያመጣላት ግን ኤፒ ካልኩለስ ቢሲ ነው። የኮምፒውተር ልጆች ወላጆች ይህን ይዘሉታል። አትዝለሉት።

ለፈተናው የሚመዘገቡት ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፤ ሜይ ድረስ አይጠበቅም። ዋጋው 100 ዶላር ገደማ ነው፣ ገቢው ዝቅ ላለ ቤተሰብ ቅናሽ አለ፣ ስትዘገዩ ቅጣት አለ። ውጤቱን ለአንድ ዩኒቨርሲቲ በነፃ ይልካሉ፣ ግን የዩኒቨርሲቲውን ስም እስከ ጁን 20 ካስመዘገባችሁ ነው።

ሌሎቹ

የትልቁ ልጄ ዓይነት የሙያ ትምህርት ካላችሁ መምህሩን "ከየትኛው ኮሌጅ ጋር ስምምነት አላችሁ? ቅጹ የት ነው? እስከ መቼ?" ብላችሁ ጠይቁ። መልሱን በኢሜይል ጠይቁ፣ በጽሑፍ እንዲቀመጥላችሁ። የኮምፕቲያ ወይም የሲስኮ የኮምፒውተር ሙያ ሰርተፊኬት የያዘ ልጅ አንዳንድ ኮሌጆች ክሬዲት ይሰጡታል። የኮምፕቲያው ኤ ፕላስና ሴኩሪቲ ፕላስ ግን በሦስት ዓመት ጊዜያቸው ያልፋል፤ 9ኛ ክፍል ላይ አታስቸኩሉት። ክሌፕ የሚባል፣ ኮርሱን ኮሌጅ ሳይወስዱ ተፈትኖ ክሬዲት የሚገኝበት ፈተናም አለ፤ ኢንፎርሜሽን ሲስተምስ የሚል አለው። ሞደርን ስቴትስ የተባለው ድርጅት ኮርሱን በነፃ አስተምሮ የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ለቢዝነስ ተማሪ ይጠቅማል፤ ለኮምፒውተር ሳይንስ ዋና ኮርሶች ግን ብዙም አይረዳም።

ማቀዝቀዣው ላይ ያለው ወረቀት

እኛ ሁሉንም የያዝነው በአንድ ወረቀት ነው። አራት ዓምድ አለው፦ ኮርሱ፣ የሚሰጠው ቦታ፣ ዩኒቨርሲቲው ዘንድ የሚሆነው፣ ይህን የነገረን ሰውና ቀኑ። አራተኛው ዓምድ ነው ያዳነን። "ማን ነው እንዲህ ያለሽ?" ሲሉሽ ስምና ቀን መናገር ትችያለሽ።

ከካውንስለር ጋር ስትነጋገሩ እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቁ። የመንግሥት ትምህርት ቤት ወላጅ በሚገባው ቋንቋ የማነጋገር ግዴታ አለበት፣ ክፍያ የለውም። ልጁን ራሱን አስተርጓሚ አታድርጉት። እኔ ለትልቁ እንዲህ አድርጌ ነበር። የከበደውን እያለፈ ነው የነገረኝ፤ ልጅ ነው፣ አልፈርድበትም።

የእያንዳንዱን የኮሌጅ ኮርስ ሲላበስ አስቀምጡ። ሲላበስ በየሳምንቱ ምን እንደተማሩ፣ በየትኛው መጽሐፍ፣ በየትኛው ቋንቋ የሚለው ወረቀት ነው። ልጄ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ኮምፒውተር ሳይንስ ሁለትን ኢሌክቲቭ ብለው መዘገቡላት። ሲላበሱንና የሠራቻቸውን ሁለት ፕሮጀክቶች ይዛ ዲፓርትመንቱ ሄደች። በሁለት ሳምንት ውስጥ በዋናው ኮርስ ቀየሩላት።

ትራንስክሪፕቱም ራሱን አይልክም። ከኮሌጁ በልጁ አካውንት ነው የሚታዘዘው። የመጨረሻው ሴሚስተር ውጤት መግባቱን አይታችሁ እዘዙ። ቀድማችሁ ካዘዛችሁ ያ ሴሚስተር ባዶ ሆኖ ይሄዳል፣ ሁለተኛ መላክ ይመጣል። ከላካችሁ በኋላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ክሬዲቱ መቆጠሩን ልጁ በራሱ ገጽ ላይ ይይ። የልጄ ክሬዲት ገጿ ላይ የመጣው ኦገስት 9 ነው፣ ትምህርት ሊጀመር ሦስት ሳምንት ሲቀረው።