ወደ ጎን የምታጋድል የእንጨት ዳክዬ

በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት፣ ቼሳፒክ በተባለው የባሕር ወሽመጥ አካባቢ አዳኞች የዱር ዳክዬ ለማማለል ውሃ ላይ የሚያንሳፍፏት ዓይነት ናት። ሴዳር የሚባል የጥድ መሰል ዛፍ እንጨት በመጥረቢያና በሞረድ ቀርጬ ባንሳፍፋት ወደ ግራ አጋደለች። ጎኖቿን ብለካ እኩል ናቸው። ለካ እንጨቱ ራሱ በአንድ በኩል ጠጣርና ከባድ ኖሯል።

መላግ አላስፈለገም። ገንዳ ውሃ ሞላሁ። ቁራጭ የእርሳስ ብረት ሆዷ ላይ በላስቲክ አስሬ ወዲያ ወዲህ አንሸራተትኩት። ከመሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ሲሆን ቀጥ አለች። እዚያው በቪቴ አሰርኩት።

ጭንቅላቷ ግን ቀድሞ መተከል አለበት፤ ወደ ጎን የዞረ ጭንቅላት ሚዛኑን ይቀይራል። እንጨቱም ውሃ እንዳይጠጣ አስቀድማችሁ የተልባ ዘይት ቀቡት። ቀለሙ ይቆይ፣ አይቸኩልም። በጀርባዋ ገልብጣችሁ ስትለቋት በራሷ ከተቃናች በቃ፣ አለቀ።