የጓሮ ኩሬ የአፈር ግድብ፦ አሠራሩና ጥገናው

ከ1.5 ሜትር በላይ የሚቆም ግድብ የመሐንዲስ ሥራ ስለሆነ፣ የሚከተለው ከዚያ ላነሰ ብቻ ነው።

መጀመሪያ አፈሩን ይፈትሹ። እፍኝ አፈር አርጥበው ይሹና እንደ እርሳስ እስኪቀጥን በመዳፍዎ ያንከባልሉት። 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ሳይበጠስ ከረዘመ ውሃ ይይዛል። ዋልካ አፈር ግን ያታልላል፤ ክረምት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ የሰኔ ዝናብም በዚያው ይገባል። ቀይ ሸክላማ አፈር ካለ እሱ ይሻላል። ያለው ዋልካ ብቻ ከሆነ ውስጥ ውስጡን ይጠቀሙበትና ላዩን በ30 ሴንቲ ሜትር ሌላ አፈር ያልብሱት።

ለ1.2 ሜትር ከፍታ አናቱ 1 ሜትር ይስፋ። በውሃው በኩል ለ1 ሜትር ከፍታ 2.5 ሜትር፣ በውጭ በኩል 2 ሜትር ይንጋለል፤ እግሩ 6.4 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ለ10 ሜትር ርዝመት ወደ 55 ሜትር ኩብ ያልተጠቀጠቀ አፈር ይፈጃል፤ 60 ሊትር በሚይዝ የእጅ ጋሪ ከ900 ምልልስ በላይ ነው። ይህን አስቀድሞ ያላሰላ ሰው ነው መሃል ላይ ደክሞት ግድቡን የሚያቀጥነው።

ግድቡ ከሚያርፍበት ቦታ ሣሩንና ሥሩን ከ20–30 ሴንቲ ሜትር የላይ አፈር ጋር ገፈው ያውጡ። መሃሉን በግድቡ ርዝመት 60 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው ቦይ ጠንካራ አፈር እስኪገኝ (ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር) ቆፍረው ምርጡን ሸክላ ይሙሉበት። ከዚያ በ15 ሴንቲ ሜትር ንብርብር እየደለደሉ ይጠቅጥቁ። አፈሩ ተጨብጦ ሲለቀቅ ቅርጹን ከያዘና መዳፍ ካላራሰ እርጥበቱ ልክ ነው። ተረከዝዎ ከሰመጠ ገና ነው። ቀጣዩን ከመድፋትዎ በፊት የታችኛውን ፊት በዶማ ይጫጩሩት፣ አለዚያ ሁለቱ አይያያዙም። ስለሚሰምጥ ከፍታውን 10 በመቶ ጨምረው ይጨርሱ።

ብዙ ግድብ የሚያፈሰው በማፍሰሻ ቱቦው ዳር ነው። ለቤት ውሃ መስመር እንደለመዱት ከቱቦው ሥር አሸዋ አያንጥፉ፤ ውሃ መንገድ አገኘ ማለት ነው። እርጥብ ሸክላ ከሥሩ በእጅ እየጎሰጎሱ ይሙሉ፣ ሁለት ቦታ ላይም 60 በ60 ሴንቲ ሜትር የሆነ የኮንክሪት አንገትጌ (ቱቦውን ዙሪያውን የሚከብ ሰሌዳ) ያጥልቁለት።

የትርፍ ውሃ መውጫው ከተሞላው አፈር ላይ ሳይሆን ከዳር ባልተነካ መሬት ላይ፣ ከአናቱ 40 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ቢያንስ 1 ሜትር ሰፍቶ ይሠራ። ዓሣ እንዳይወጣ ተብሎ የሚደረግ ጠባብ ወንፊት ቅጠል ያግትና ጎርፉን በአናቱ ይሰደዋል። ግድቡን ሰርዶ ያልብሱት። ባሕር ዛፍ ግን አይተከልም፤ ሥሩ ሲበሰብስ ቀዳዳ ይተዋል።

ጥገና ላይ የሚወስነው የሚያፈሰው ውሃ መልክ ነው። ንጹሕና መጠኑ የማይጨምር ከሆነ እየተከታተሉ ይቆዩ። ከደፈረሰ አፈሩን ከውስጥ እየሸረሸረ ነውና ኩሬውን ወዲያው ያጉድሉ። ከውጭ በሲሚንቶ መድፈን አይጠቅምም፤ ውሃው ውስጥ ታምቆ በሌላ በኩል ይፈነዳል። ከአናቱ ጀምረው ከቀዳዳው በታች እስኪደርሱ፣ ጎኖቹን እንደ ደረጃ እየቆረጡ ይቆፍሩና እንደ አዲስ በንብርብር ይሙሉ። የፍልፈል ጉድጓድም እስከ መጨረሻው ተከትለው ካልቆፈሩት አፉን መድፈን ዋጋ የለውም። ግድቡን አቋርጦ ከውሃው ወደ ውጭ የሚሄድ ስንጥቅ ካዩ ክረምት እስኪገባ አይጠብቁ። ከጥገና በኋላ ኩሬውን በቀን ከ20–30 ሴንቲ ሜትር ሳያሳልፉ ይሙሉት፤ የውጭውን እግርም ጠዋትና ማታ እየዞሩ ይዩ።