የአሰብን ባሕር ከእናታችን አፍ መቅዳት

አባቴ አሰብ ወደብ ላይ የክሬን ኦፕሬተር ነበር። ስለ ሥራው ሲያወራ መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አንድም ቀን ግን አልቀዳሁትም። ካረፈ በኋላ ድምፁን ፍለጋ የቤቱን ስልክ ሁሉ ስበረብር ያገኘሁት የአሥራ ሁለት ሰከንድ መልእክት ብቻ ነው፤ «ስትመጪ ዳቦ ይዘሽ ነይ» ይላል። እናቴ ላይ ይህን ስህተት አልደገምኩትም። እናንተም አሰብ ወይም ምጽዋ የኖሩ እናት፣ አባት ወይም አክስት ካሏችሁ ዛሬ ማታ እንድትጀምሩ ብዬ ነው የምጽፈው። በ1983 ደርግ ሲወድቅ ወይም በ1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ከዚያ ሲወጡ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የነበሩት ዛሬ ወይ ስልሳን አልፈዋል ወይ ደጃፉ ላይ ናቸው።

መጀመሪያ ጥያቄያችሁን አሳንሱ። «አሰብ እንዴት ነበረች?» አትበሉ። መልሱ «አይ አሰብ! ጥሩ ነበረች» ይሆንና ወሬው እዚያው ያልቃል። እኔ እናቴን «ሐምሌ ላይ የት ነበር የምትተኙት?» ስላት አርባ ደቂቃ አወራች። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሽቦ አልጋው ወደ ደጅ ይወጣል፣ አንሶላው ውሃ ይነከራል፣ አባቴ ሽርጡን አገልድሞ ይተኛል፣ ጎረቤቱም ሁሉ እንዲሁ ደጅ ስለሆነ ማን እንደሚያንኮራፋ፣ ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል። ይህን እኔ ከየት አገኘው ነበር?

ጥያቄው ሰውነት የሚያስታውሰውን ይንካ። ውሃ ከየት ትቀዱ ነበር፣ ጨው ጨው ይል ነበር ወይ? የቆርቆሮው በር በስንት ዓመቱ ዛገ? ዓሣ ከማን ትገዙ ነበር፣ ማንስ ነው አሠራሩን ያሳየሽ? ለሁለት ተሰንጥቆ፣ በርበሬ ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ የሚጠበሰውን ዓሣ ካነሳችሁማ እጃቸው ራሱ መሥራት ይጀምራል። ከሁሉም ግን አንዷን አትርሱ፦ ባሕሩን መጀመሪያ ያየሽው መቼ ነው? አሰብ ከነበሩት ብዙዎቹ ከደጋ የወረዱ ናቸው። እናቴ ከደሴ ተነስታ፣ ተሳቢ ባለው ፊያት ኤንትሬ የጭነት መኪና ጋቢና ተጣብቃ፣ ሚሌን፣ ማንዳን፣ ቡሬን አልፋ ነው የደረሰችው። «ውሃው ጨው ነው» ሲሏት አላመነችም። የነጠላዋን ጫፍ ነክራ ቀመሰችው።

ሰዓቱን ቡና ላይ አድርጉት። አቦል ላይ ምንም አትጠይቁ፤ የሰፈር ወሬ ይውጣ። ቶና ሲቀዳ «ብቀዳሽ ቅር ይልሻል?» ብላችሁ ፈቃድ ጠይቁ። ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉና የታጠፈ ጨርቅ ላይ አስቀምጡት፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ የሲኒው ኳኳታ ድምፃቸውን ይውጠዋል። ከአንድ ሰዓት አታስበልጡ። ሲደክማቸው ለሌላ ቀን ቀጠሮ ያዙ።

ካርታ አስሏቸው። ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይበቃል። ቤታችሁ የቱ ጋ ነበር፣ አሰብ ሰጊር፣ አሰብ ከቢር ወይስ ካምፖ ሱዳን? ባሕሩ በየት በኩል ነው? ሪፋይነሪው፣ የነዳጅ ማጣሪያው፣ ከደጃችሁ ይታይ ነበር? ሥዕሉ ቢጣመም ግድ የለም። እየሳሉ የሚያወሩት ነው ወርቁ፣ ስለዚህ ስልኩ ይቅዳ።

ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ አልበሙ ላስቲክ ላይ የተጣበቀውን በግድ አትላጡ፣ ምስሉ ተገሽልጦ ይቀራል። ከነአልበሙ መስኮት አጠገብ፣ ቀጥተኛ ፀሐይ የማይነካው ቦታ አድርጋችሁ ያለ ፍላሽ አንሱት። ያልተጣበቀው ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ሳይሆን በእርሳስ ስም ጻፉ። ለወንድም ለእህት በቴሌግራም ስትልኩ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ አለበለዚያ ጥራቱ ይቀንሳል። ከስልካችሁ ሌላ ሁለት ቦታም አስቀምጡ።

ዓመተ ምሕረት ያምታታል። የእኛና የፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይለያያል፣ የመርከብና የወደብ ወረቀት ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው በፈረንጅ ነው። በተለይ «1990» ሲሉ ቆም በሉ። በእኛ ከኤርትራ ጋር ጦርነት የተነሳበት ዓመት ነው፤ በፈረንጆቹ ግን ምጽዋ ከደርግ እጅ የወጣችበት፣ የእኛ የካቲት 1982። ያጋጠመኝ ነው፣ የእናቴን ታሪክ ስምንት ዓመት አዛብቼው ነበር።

ዝም የሚሉበት ቦታ ይመጣል። እናቴ ኤርትራዊት ጎረቤቷን፣ ልጆቿን አብራት ያሳደገችውን ሴት ስታነሳ ሁሌም እዚያ ጋ ትቆማለች። አትግፏቸው። ስልኩን አጥፉ፣ ሦስተኛውን ቡና ጠጡ፣ ሲፈልጉ ራሳቸው ይመለሱበታል። ወንድሞቻችሁም በዚህ ሰዓት ስለ ወደቡ ፖለቲካ ክርክር እንዳይከፍቱ ቀድማችሁ ንገሯቸው። ያ ክርክር ከተነሳ እናት ማውራቷን ትታ ራት ልታቀርብ ትነሳለች።

መጨረሻ ላይ የቀዳችሁትን አሰሟቸው። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፣ ግን ያመለጠው የሚመጣው ያኔ ነው። እናቴ ስለ አልጋዎቹ ያወራችውን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች። «ውሸቴን ነው» አለች፣ «የአባትሽ አልጋ በባሕሩ በኩል ነበር። ንፋሱን እሱ ይከልልልን ነበር»። ስልኩን እንደገና ከፈትኩት።