እህል በጆንያ ሲቀመጥ፦ መቼ ይናፈሳል? እንዴትስ ይፈተሻል?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቁልቁለቱ ግን ወደ 600 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ታች ሙቀቱ ነቀዝ ያፈላል፣ ላይ ደግሞ ጉሙና ካፊያው ያሻግታል።

ስጡን ሸራ ላይ ከ3 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር አሳስቶ በየግማሽ ሰዓቱ ማገላበጥ። መድረቁን በጥርስ ሰብሮ መለየት ያሳስታል፤ ጨው ይሻላል። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ሲሶውን እህል ሞልቶ፣ ፀሐይ ላይ የከረመ 2 ወይም 3 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሮ 1 ደቂቃ መነቅነቅና 15 ደቂቃ ማቆየት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው። ባይለጠፍም ለክረምት የሚከርም እህል 13 በመቶና ከዚያ በታች መውረድ ስላለበት ተጨማሪ ፀሐይ አይጎዳውም። ትኩሱን ግን ወደ ጆንያ መክተት አይገባም፤ ላቡ ወደ ላይ ወጥቶ አፉ ጋ ያለውን ያሻግተዋል።

ጆንያ ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ ግማሽ ሜትር ራቅ ብሎ ይደረደራል።

ብዙ እህል የሚበላሸው ማናፈሱ ላይ ነው። መስኮት መክፈት ሁልጊዜ አያደርቅም፤ የውጪው አየር እርጥብ ከሆነ እህሉ ይጠጣዋል። ርካሿ የአየር እርጥበት መለኪያ ከ65 በመቶ በታች ካላሳየች አለመክፈት ነው። ደሴ ላይ በበጋ ጥሩው ጊዜ ጉሙ ከተገፈፈ በኋላ፣ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። አመሻሹ ላይ አየሩ ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ስለሚጨምር ቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል። ኮምቦልቻ ላይ ግን ቀትር እህሉን ያሞቀዋል፤ ነቀዝ ደግሞ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ላይ ነው የሚደላው። እዚያ መለኪያዋ እስከፈቀደች ድረስ በማለዳ መክፈት ይመረጣል። ሐምሌና ነሐሴ ሁለቱም ጋ ዝግ ይሁን። በክረምት ከደሴ የወረደ ቀዝቃዛ እህልም ኮምቦልቻ እንደደረሰ አይፈታ፤ ሞቃቱ አየር ሲነካው ያረጥበዋል።

ፍተሻው በክረምት በየሳምንቱ፣ በበጋ በየ15 ቀኑ ነው። 1 ሜትር የሆነ ባለ 8 ሚሊ ሜትር ፌሮ መሃል ላይ ወዳለው ጆንያ ሰክቶ ከ15 ደቂቃ በኋላ ማውጣትና ጫፉን መዳሰስ። ከሌሎቹ ይልቅ ሞቅ ብሎ ከወጣ ያ ጆንያ ተነጥሎ ይዘርገፍ። ከየጆንያው ጥቂት በወንፊት ሲነፋ ታች ዱቄት መሳይ ብናኝ ከወረደ ነቀዝ ገብቷል። የሻገተውን አጥቦ ማስጣት ዋጋ የለውም፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ (አፍላቶክሲን) በምጣድም በድስትም አይጠፋም።

ለጥቂት ኩንታል ባለ ሦስት ንጣፉ ከረጢት ከማንኛውም ዱቄት መድኃኒት ይበልጣል፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ይህ ከረጢት አይናፈስም። የውስጦቹ ሁለት ላስቲኮች አየራቸው ተጨምቆ ለየብቻ ጥብቅ ተደርገው ይታሰራሉ፣ ቢያንስ ለ2 ወር አይከፈቱም፤ አይጥ ከበሳቸው ግን ተራ ጆንያ ናቸው። የነቀዝ ክኒን (ፎስቶክሲን) ሰው በሚያድርበት ቤትም ሆነ ግድግዳ በሚጋራ ክፍል ፈጽሞ አይቀመጥ፤ ጋዙ በስንጥቅ ያልፋል፣ ይገድላልም።