ስታቲክ እና ኢንስታንስ ሜተድ በስም እንዳይጋጩ እንዴት ይደረጋል?

ባሕር ዳር ላይ ለጥቂት የጀልባ ባለቤቶች የኮንትራት ዋጋ የሚያሰላ ፕሮግራም በፓይተን የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቼ ነበር። ሒሳቡ ቀላል ነው። ያደከመኝ የስም አወጣጡ ነው። ክላስ የአንድ ዓይነት ነገሮች ንድፍ ነው፣ እዚህ ጀልባ፤ ሜተድ ደግሞ ክላሱ ውስጥ ስም ተሰጥቶት የሚጻፍ ሥራ ነው።

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ። መልሱ በየጀልባዋ የሚለያይ ከሆነ ኢንስታንስ ሜተድ ነው። የትኛዋም ጀልባ ሳትነሳ የሚመለስ ከሆነ፣ ለምሳሌ እስከ ዘጌ ያለው መነሻ ታሪፍ፣ ስታቲክ ይሁን።

2. ለሁለቱ አንድ ስም አትስጡ። እዚህ ጋ ረጋ በሉ።

ክላሱ ውስጥ «ዋጋ» የሚባል ኢንስታንስ ሜተድ ነበረኝ። ከሳምንታት በኋላ ከታች «ዋጋ» የሚል ስታቲክ ጨመርኩ፤ የሰው ቁጥር ካልተሰጠው 10 ብሎ ያሰላል። ፓይተን ዝም አለ። ክላሱን ከላይ ወደ ታች ስለሚያነብ፣ በኋላ የመጣው ስም የፊተኛውን ይተካዋል። ስለዚህ ጀልባ_1.ዋጋ() ስል የሚመልስልኝ ስታቲኩ ነበር። እሱ ደግሞ በየትኛዋ ጀልባ እንደተጠራ አያውቅም።

ሐይቁ ዳር አንድ ጋሼ ስልኬን አይተው «ልጄ፣ የኔ ጀልባ 30 ሰው ትጭናለች። እንዴት ከትንሿ እኩል ሆነች?» አሉኝ። ቀኑን ሙሉ ኤረር ስፈልግ ዋልኩ። ኤረር የሚባል ነገር አልነበረም።

በዚህ ጃቫ የሚባለው ቋንቋ ይሻላል። የሁለቱ ሜተዶች ስምም ፓራሜትርም (የሚቀበሉት ግብዓት) አንድ ከሆነ ኮምፓይለሩ፣ ማለትም ኮዱን ከመሥራቱ በፊት የሚተረጉመው ፕሮግራም፣ አያሳልፍም። ፓራሜትራቸው ከተለያየ ግን ያልፋል፣ ጣጣው ኋላ ይመጣል። የራሱ የጃቫ «ኢንቲጀር» ክላስ «ቱስትሪንግ» የሚል ኢንስታንስም ስታቲክም ሜተድ አለው። ቁጥርን ወደ ጽሑፍ ለመቀየር በሜተድ ሪፈረንስ (ግብዓቱን ሳትጽፉ ሜተዱን በስሙ ብቻ በማመልከት) ስትጠሩት ኮምፓይለሩ የትኛውን እንደፈለጋችሁ መለየት ያቅተዋል።

3. ስሙን ቀይሩ። እኔ ስታቲኩን «መነሻ_ታሪፍ» አልኩት፣ «ዋጋ»ን ለኢንስታንሱ ተውኩለት። ስታቲኩን ሁልጊዜ በክላሱ ስም ጥሩት፦ ጀልባ.መነሻ_ታሪፍ()። በኦብጀክት፣ ማለትም በአንዷ ጀልባ በኩል፣ መጥራት ይቻላል፣ ግን ኮዱን የሚያነብን ሰው ያሳስታል።

4. የፓይተን ኮድ ውስጥ ስሕተት የሚፈልገውን ፓይሊንት የተባለ መሣሪያ አስኪዱ። የተደገመውን ስም ከነመስመሩ ያሳያችኋል። በዓይን እፈልጋለሁ ማለት ድካም ነው።

5. ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ጀልባዎች ሞክሩ። እኔ የሞከርኩት ባለ 10 ሰዋ ላይ ብቻ ነበር። የስታቲኩም ቁጥር 10 ስለነበር መልሱ ልክ ሆኖ ወጣ።