ቤተሰብ እየኖረበት የቤት መሠረት ማስጠገን፦ ባሕር ዳር ቤት ላላችሁ ዳያስፖራዎች

«ግድግዳው ተሰንጥቋል፣ መሠረቱ መታየት አለበት» የሚል ስልክ ከባሕር ዳር ሲመጣ ቶሎ ከአፋችን የሚወጣው «ስንት ይፈጃል?» ነው። የገንዘቡ ነገር አይቀርም። ከዚያ በፊት ግን መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች አሉ። ጉድጓድ ሲቆፈር እማዬ የት ትተኛለች? ሌሊት ሽንት ቤት በየት በኩል ትሄዳለች? የማኅበር ተራዋ ሲደርስ ሰው የት ይቀመጣል?

ሰው እየኖረበት ያለ ቤት የሚጠገነው በየተራ፣ ጥግ በጥግ ነው። ደግነቱ መሠረትም መጠገን ያለበት እንደዚያው ነው። ስለዚህ የእናታችሁን ኑሮ አስቀድማችሁ ካቀዳችሁ ሥራውም በትክክለኛው መንገድ ይሄዳል። ግንበኛው «ሁሉንም ባንዴ ከፍተን ቶሎ እንገላገል» ሲላችሁ እምቢ የምትሉበት ሁለት ምክንያት ይኖራችኋል።

መጀመሪያ አፈሩና ውሃው

ባሕር ዳርና ዙሪያዋ ብዙ ቦታ ላይ መረሬ አፈር አለ። መሐንዲሶቹ «ብላክ ኮተን» የሚሉት ጥቁር አፈር ነው። ክረምት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል። በጋ ሲደርቅ ይኮማተርና እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ላይ ያረፈ ቤት አብሮት ይነሳል፣ አብሮት ይወርዳል። ችግሩ ሁሉም ጥግ እኩል አለመነሳቱ ነው። በአንድ በኩል የጣሪያ ውሃ ይወርዳል፣ በሌላ በኩል ባሕር ዛፍ ሥሩን ሰዶ እርጥበቱን ይመጥጣል። አንዱ ጎን ሲያብጥ ሌላው ይሰምጣል፤ ግድግዳው መሃል ላይ ይሰነጠቃል። ወደ ሐይቁ የቀረበ ቤት ከሆነ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃው ሩቅ አይደለም።

ስለዚህ ማንም አካፋ ከማንሳቱ በፊት የውሃውን ነገር አጣሩ። አሸንዳ አለ? ውሃውን የት ነው የሚጥለው? ግድግዳ ሥር የሚያንጠባጥብ የተበሳ ቱቦ አለ? ሴፕቲክ ታንኩ ከመሠረቱ ምን ያህል ይርቃል? አንዳንድ ቤት አሸንዳ ተገጥሞለት፣ ዙሪያውን አንድ ሜትር ገደማ ወደ ውጭ ያዘነበለ ሊሾ ተሠርቶለት፣ ስንጥቁ በዚያው ይቆማል። መሠረቱ የግድ መጠናከር አለበት ቢባል እንኳን ውሃው ካልተስተካከለ ችግሩ ተመልሶ ይመጣል።

ስንጥቁንም በቪዲዮ ብቻ አይታችሁ አትፍረዱ። ልስን ላይ ያለ ፀጉር የሚያህል ጭረት ብዙ አያስፈራም። ከመስኮት ጥግ ተነስቶ ሰያፍ የሚወጣ፣ ወይም የብሎኬቱን መጋጠሚያ ተከትሎ ደረጃ እየሠራ የሚሄድ፣ አንድ ጫፉ ከሌላው የሰፋ ስንጥቅ ግን ቤቱ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን ይናገራል። ድሮ ደህና ይዘጋ የነበረ በር መያዝ ከጀመረም እንደዚያው ነው። ቤት ያለ ልጅ በእርሳስ የስንጥቁን ሁለት ጫፍ ያስምር፣ አጠገቡ ቀኑን ይጻፍ፣ ማስመሪያ አስጠግቶ ፎቶ ያንሳ። በየወሩ ይድገመው። መሐንዲስ ስታስመጡ ይህ ፎቶ ከማንኛውም ወሬ የበለጠ ይነግረዋል።

መሐንዲስ ያልኩት ሆን ብዬ ነው። ጎበዝ ግንበኛ ወርቅ ነው፤ ግን የመሠረት ጥገና ውሳኔ የእሱ ብቻ መሆን የለበትም። ፖሊ (የባሕር ዳሩ የምህንድስና ትምህርት ቤት) ተምረው ከተማው ውስጥ የሚሠሩ የሲቪል መሐንዲሶች ሞልተዋል። መሠረቱ አጠገብ አንድ ሁለት ቦታ ላይ እስከ ታችኛው ጫፍ ድረስ አስቆፍሮ ይይ። ድንጋዩ የተቀመጠው ምን ላይ ነው? ጥልቀቱስ? ይህ ሳይታይ የሚሰጥ የዋጋ ግምት ግምት እንኳን አይባልም።

ጊዜው ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ነው። ጥቅምት ላይ ለመጀመር አትቸኩሉ። ጣና ከፍ ብሎ የሚታየው ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት አካባቢ ነው። ወደ ዳር ላለ ቤት ያን ጊዜ የተቆፈረ ጉድጓድ ውሃ ሊያመነጭ ይችላል።

ወረቀቱን በአጭሩ

መሠረት መንካት ቀለም እንደ መቀባት አይደለም። ክፍለ ከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል ሄዶ ምን ፈቃድ እንደሚያስፈልግ መጠየቅ ይቀድማል። ግድግዳችሁ ጎረቤት የሚያዋስን ከሆነ ለጎረቤትም በጊዜ ይነገር። ቤቱ በስማችሁ ከሆነ ውክልና ያስፈልጋችኋል። ባላችሁበት አገር ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ይሰጣል፣ ከዚያ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል። ወረቀቱ ላይ ማስጠገን፣ ውል መዋዋል፣ ፈቃድ ማውጣት ብላችሁ ዘርዝሩ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥም ሆነ በዋስትና ለማስያዝ አይበቃም፤ ልዩ ሥልጣን ይጠይቃል። ለጥገና ብላችሁ ያንን መጨመር አያስፈልጋችሁም።

ሲቆፈር

የመሠረት ማጠናከር ሥራ ቁልፉ በየተራ መክፈት ነው። መሐንዲሱ ዙሪያውን አንድ አንድ ሜትር ገደማ አድርጎ ይከፋፍለዋል። ግድግዳው ላይ በጠመኔ 1፣ 2፣ 3፣ እንደገና 1፣ 2፣ 3 እየተባለ ይጻፋል። መጀመሪያ 1 የተጻፈባቸው ብቻ ይከፈታሉ። ከሥር ተቆፍረው፣ አርማታ ተሞልቶ፣ ከነባሩ መሠረት ጋር በደንብ ተጣብቆ ሲጠነክር ወደ 2 ይታለፋል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ክፍሎች አብረው አይከፈቱም። ቤት የሚወርደው በጥድፊያ ጎን ለጎን ሲከፈት ነው። ቁጥሮቹን በፎቶ ያዙ፤ ከዚያ በኋላ ከፎርማኑ ጋር የምትነጋገሩት በቁጥር ነው። «የምሥራቁ ጎን 2 ተሞላ?» ስትሉት «ሥራው በጥሩ ሁኔታ ላይ ነው» የሚል መልስ አያዋጣውም።

አርማታ ሙሉ ጥንካሬው የሚለካው በ28 ቀን ነው። ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ሳይደርቅ ውሃ መጠጣት አለበት። የውሃ ፈረቃ ባለበት ሰፈር ይህ ቀላል አይደለም። ለሥራው የብቻው በርሜል ወይም ሮቶ ይኑር። የቤቱ ውሃ ለአርማታ ሄዶ እናታችሁ ጀሪካን ይዛ ጎረቤት እንዳትሄድ። ጠዋትና ማታ የሚያጠጣ አንድ የሰፈር ልጅ በስሙ ተቀጥሮ ይከፈለው።

አሸዋውን ደግሞ እዚያው ግቢ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ግልጽ የውሃ ፕላስቲክ ግማሹን አሸዋ፣ ከዚያ ውሃ፣ ትንሽ ጨው። ክዳኑን ዘግቶ በደንብ መነቅነቅና ተስተካክሎ ማስቀመጥ ነው። ከሰዓታት በኋላ አሸዋው ከታች ይቀመጣል፤ ደለሉ ከላዩ ቀጭን ንጣፍ ሆኖ ይታያል። ደለሉ ከ6 በመቶ ካለፈ አሸዋው ታጥቦ ነው የሚገባው። ማስመሪያ አስጠግቶ ፎቶ መላክ ለአንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከባድ አይደለም። መኪናው ከመራገፉ በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ከተራገፈ በኋላ መመለስ ጭቅጭቅ ነው።

የቤቱ ሰው

ትልልቆቹ «ቤቴን ጥዬ የት ልሂድ» ነው የሚሉት። ልክ ናቸው። ግን ግድግዳው ሥር የተቆፈረበት ክፍል ውስጥ ማንም እንዳይተኛ። ይህ ከመሐንዲሱ ጋር ተጽፎ የሚያዝ ነው እንጂ በአደራ የሚቀር አይደለም። ግቢው ውስጥ ሰርቪስ ቤት ካለ አልጋዋን፣ መድኃኒቷን፣ ስዕለ አድኅኖዋን፣ ቴሌቪዥኗን ይዛ ወደዚያ ትግባ። ተከራይ ካለበት ከወራት በፊት ይነገረው፤ ለመውጣት የሚያግዘው ትንሽ ገንዘብ ብትጨምሩለት ተገቢ ነው። ሰርቪስ ከሌለ ቤቱ ለሁለት ተከፍሎ አንደኛው ወገን ሲሠራ በሌላው ይኖራል። ያን ጊዜ ተራው የሚወሰነው በቁጥሩም በአልጋውም ነው።

ወደ ሽንት ቤት የሚወስደው መንገድ በጣም ያሳስበኛል። የቆፈሩትን አፈር መንገድ ላይ ይከምሩታል፤ ሌሊት መብራት ይጠፋል፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው በጨለማ ይወጣል። ጠንካራ ጣውላ ይነጠፍ፣ በአንድ በኩል እጅ መያዣ ባሕር ዛፍ ይታሰር፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት ይሰቀል። ክፍት ጉድጓድ ሁሉ ሠራተኛው ሲወጣ በቆርቆሮ ይሸፈን፣ ቆርቆሮውም ድንጋይ ይጫንበት። እዚህ ላይ አንድ ብር አትቆጥቡ። ባሕር ዳር ወባ ያለበት ከተማ መሆኑንም አትርሱ። ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ሲቋጠር ትንኝ ይራባል። ውሃው በየቀኑ ይቀዳ፤ አዲሱ መኝታ ላይም አጎበር ይሰቀል።

አስም ያለበት ሰው ካለ ሲሚንቶ የሚቦካው ከመኝታውና ከማድ ቤቱ ርቆ፣ ነፋሱ አቧራውን ወደ ቤቱ በማያመጣበት በኩል ነው። አፈሩ ሲዛቅ ውሃ ይረጭበት።

ሠራተኛ ግቢዋ ሲውል ዝም ብላ የምታይ እናት የለችም። ምሳ ሠርታ ታቀርባለች፣ ቡና ታፈላለች፣ «እማማ፣ እግዜር ይስጥልን» ሲሏት ነገም ትደግማለች። ይህ ደስታዋ ስለሆነ አትከልክሏት፤ ድካሙ ግን እንዳይጎዳት አስቡ። ውሉ ላይ ምግብ የሠራተኛው ነው ይባል። ለአንድ ጊዜ ቡና የሚበቃ ስኳርና ቡና ለብቻው ላኩ፤ የምታግዝ ልጅም ትኑር።

የቀን መቁጠሪያውን ከእሷ ጋር ሆናችሁ እዩት። የማኅበር ተራዋ መቼ ነው? ከማኅበርተኛ ጋር ተራ መቀያየር ይቻላል። ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ ሲደርስ ሠራተኛው ይበተናል። ኅዳርና ታኅሣሥ ለአጨዳ አገሩ የሚገባም አለ። ዋዜማ ላይ አዲስ ክፍል አይከፈትም፤ የተከፈተው ሳይሞላም ማንም ለበዓል አይሄድም።

ስልክ ስትደውሉ «ደህና ነሽ?» ካላችኋት መልሱ «ደህና ነኝ፣ አታስቡ» ነው። ይሉኝታው፣ እናንተን ላለማስጨነቅ ያለው ነገር አይለቃትም። ስለዚህ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ። ትናንት ማታ የት ተኛሽ? ውሃ መጣ? ዛሬ ስንት ሰው ሠራ? ሳሉ እንዴት ነው? በሩ ይዘጋል? ከእነዚህ መልሶች ብዙ ነገር ታያላችሁ።

ብሩና ሰዎቹ

የሚገዛው፣ የሚከፍለውና የሚቆጣጠረው አንድ ሰው አይሁን። ይህ አለመተማመን አይደለም። ዘመዳችሁን ከሐሜት ታድኑታላችሁ። ብዙ ቤተሰብ የተቀያየመው በስርቆት አይደለም፣ በደረሰኝ እጦት ነው። የእጅ ዋጋ ብቻ ተዋውላችሁ ዕቃውን ራሳችሁ ብታስገዙ ቁጥጥሩ ይቀላል።

መሠረት የሚቀበር ሥራ ነው። አፈር ከተመለሰበት በኋላ ፌሮው ይኑር አይኑር ማንም አያውቅም። ስለዚህ ክፍያው በቁጥር ይታሰር፦ 1 የተባሉት ሁሉ ተከፍተው መሐንዲሱ ሳይሸፈኑ ካያቸው፣ ፎቶ ከተነሳ፣ አርማታው ከተሞላ ይከፈላል። ከዚያ 2።

ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ስለጀመረ የዕቃ ዋጋ ከደረጃ ደረጃ ሊለያይ ይችላል። ግምቱ ላይ መጠባበቂያ ያዙ፣ ገንዘቡንም በባንክ በየደረጃው ላኩ። ዋጋ ይጨምራል ብላችሁ ሲሚንቶ በብዛት ገዝታችሁ አትከምሩ። እርጥበት ይጎዳዋል፤ ለአንዱ ደረጃ የሚበቃውን ብቻ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ጣውላ ላይ።

ኔት ላይ ብቻም አትተማመኑ። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገድ ተዘግቶ ዕቃ የሚዘገይበት ጊዜም አለ። ቤት ውስጥ አንድ ጠንካራ ደብተር ይቀመጥ፤ የገባ ዕቃ፣ የሠራ ሰው፣ የተሞላ ቁጥር በየቀኑ ይጻፍበት። እናንተ ሳትገኙ ወኪላችሁ እስከ ስንት ብር መወሰን እንደሚችልም ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ጉድጓድ ተከፍቶ የእናንተን ስልክ የሚጠብቅ ሥራ መኖር የለበትም።

ሁሉም ቁጥር ሲያልቅ የድሮውን ስንጥቅ ወዲያው አታስለስኑ። የእርሳሱ ምልክት እንዳለ አንድ ክረምት ይለፍበት። ከእጅ ዋጋው አሥር በመቶ ያህል እስከ መስከረም የሚቆይ መያዣ ይሁን፤ ይህም ውሉ ሲፈረም ይጻፍ። መስከረም ላይ መሐንዲሱ ተመልሶ ይለካ። ካልሰፋ ልስኑና ቀለሙ ያኔ ይሠራ፣ የግንበኛውም ቀሪ ሒሳብ ያኔ ይለቀቅ።